በጎን የወጣው ነፋስ

ለውድ አባባ፤ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እንዴት ከርመሃል? ጉልበትህ ከደረጃው ጋር ተስማማ ወይ? ዓይንህስ፣ ሞራው የመስኮቱን ብርሃን እንኳ ያሳልፍልሃል? እማማ እንዴት ናት? ይህን የምታነብልህ እህቴስ? በየመስመሩ እያቆመች አስተያየት እንዳትሰጥ አደራ በላት። እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ፤ መቀመጥ ግን አቅቶኛል። ይህን ወረቀት ከጀመርኩ ሦስቴ ተነሥቻለሁ፤ አንዱን ኩባያ ሁለቴ አጥቤዋለሁ። በስልክ ድምፄ ያሳብቅብኛል ብዬ ነው የጻፍኩት።

ስለ ሥራዬ ስትጠይቀኝ "ኮምፒውተር ላይ ነው" እያልኩ አልፍህ ነበር፤ ዛሬ በደንብ ልንገርህ። ታማሚ አልጋ አጠገብ ቆሞ የልብ ምት የሚቆጥር መሣሪያ እንሠራለን። ውስጡ ያለው ኤሌክትሮኒክስ ይግላል፤ በጣም ከጋለ ይጠፋል። ስለዚህ ብሎወር የሚባል፣ አየር የሚነፋ ትንሽ ሞተር ይገባለታል። ሳጥኑ ከመቆረጡ በፊት እኔ ሁሉንም ኮምፒውተር ላይ እሥላለሁ፤ ፕሮግራሙ ነፋሱ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ አስልቶ የጋለውን በቀይ፣ የቀዘቀዘውን በሰማያዊ ያሳየኛል። አንተ ዕድሜህን ሙሉ በውሃ ቧንቧ የሠራኸውን እኔ በነፋስ እሠራለሁ ማለት ነው።

ባለፈው ወር የሣልኩት ሳጥን ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ሆነ። ኃላፊያችን፣ በሌለበት "ቶሎ ቶሎ" የምንለው፣ በዚያው ቀን ፈረመበት፤ የዓመት ፈቃዴንም ፈቀደልኝ። ማታውኑ ሻንጣዬን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኩ።

ሐሙስ ወደ ወርክሾፕ ስወርድ እውነተኛው ብሎወር ሳጥኖቹን በሚቆርጥልን ቆርቆሮ ቆራጭ ጠረጴዛ ላይ ነበር። "እስኪ ጉልበቱን እይው" ብሎ ሰካልኝ። እጄን ፊቱ ላይ ዘረጋሁ፤ ምንም የለም። ነፋሱ በጎን ወጥቶ እጅጌዬን ነፋው። ክው አልኩ። እኔ የሣልኩት እንደ ተራ ማራገቢያ ከኋላ ስቦ ወደ ፊት የሚገፋ አድርጌ ነው። ይሄ ግን እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ ነው፤ በሆዱ ስቦ ጠርዙ ላይ ባለው አፍ ይተፋል። በሳጥናችን ውስጥ ደግሞ ሆዱ ከግድግዳው ጋር ተለጥፏል፤ የሚስበው አየር የለም። ተመልሼ ብሎወሩን እንደ እውነተኛው አድርጌ ብሥለው የሳጥኑ መሃል ፍም መሰለ።

አርብ ጠዋት ኮሪደሩን ስመላለስበት አረፈድኩ። የሳጥኑ ሙከራ የሚደረገው እኔ ለፈቃድ ከሄድኩ በኋላ ነበር። ሳጥኑ ሲግል መጀመሪያ ጣት የሚቀሰርበት ቆራጩ ነው፤ እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ ዝም ማለት እችል ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን ኃላፊያችን ቢሮ ገብቼ ነገርኩት። ቶሎ ቶሎ ለአንዴ እንኳ አልቸኮለም። ሁለቱን ሥዕሎች እያፈራረቀ አየና "ማን ነው የሣለው?" አለኝ። "እኔ ነኝ" አልኩት። "እንግዲያው አንቺው ታስተካክዪዋለሽ፤ ሙከራውን ሳያልፍ ፈቃድ የለም" አለኝ።

አባባ፣ ነገር ስጠማዝዝ የቆየሁት ለዚህ ነው። ብሎወሩን አዙሬ ከግድግዳው አራቅኩት፤ ቀዩ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። አዲስ ሳጥን እስኪቆረጥና እስኪሞከር ከወር በላይ ይፈጃል። ለዓይንህ ቀዶ ጥገና፣ ለኅዳር 28፣ አልደርስም። በመናገሬ ይቀለኛል ብዬ ነበር፤ አልቀለለኝም።

"ፋሻው ሲፈታልኝ መጀመሪያ አንቺን ልይ" ብለኸኝ ነበር። እኔን ብለህ ቀዶ ጥገናውን እንዳታራዝም። መጀመሪያ እማማን እያት፤ ሦስት ዓመት ሙሉ እጅህን ይዛ የመራችህ እሷ ናት። እኔ ሁለተኛ ብሆን ቅር አይለኝም። ውሸቴን ነው፣ ይለኛል። ግን እሷን እያት።

እማማን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። እህቴን፣ ሳታለቅስ እስከዚህ ካነበበች፣ አመስግንልኝ። ታናሽ ወንድሜ አንተ ሳታየው የወጥ ቤቱን ቧንቧ እንዳይነካካ ንገረው፤ ናፍቆኛል። ሐኪም ቤት አብራህ የምትሄደውን ጎረቤታችንን ነርሷን ስለ እኔ እጅ ንሣልኝ።

የመሃል ልጅህ
ሦስተኛ ፎቅ፣ የኪራይ ክፍሌ
እሑድ፣ ኅዳር 4 ቀን