አየር ቆጣሪው ወንድማችን

ወንድማችን ከልብስ ሰፊው አባታችንና ከአዋላጇ እናታችን በ1954 ዓ.ም. ተወለዱ። በልጅነታቸው የአባታችንን የስፌት መኪና መዘውር በኃይል እያሽከረከሩ ጉንጫቸውን ያስጠጉ ነበር። ነፋስ አለው ይላሉ፤ አባታችንም ነፋሱን ተውና ቁልፉን ትከል ይሏቸው ነበር።

ትምህርታቸውን በመካኒካል ምህንድስና አጠናቀው በ1977 ዓ.ም. የማርሽ ሳጥን በሚያመርት ፋብሪካ ተቀጠሩ። ክፍላቸው ሳጥኖቹ ከሚፈተሹበት አዳራሽ ጋር በአንድ ግድግዳ የሚዋሰን ነበርና ማሽን በተነሳ ቁጥር ብርጭቋቸው ጠረጴዛው ላይ ይንሸራተት ነበር። እዚያ ተቀምጠው ዕድሜያቸውን የሰጡት ለአንድ ጥያቄ ነው። ማርሽ በፍጥነት ሲዞር ጥርሱ እንደ ማራገቢያ አየሩን ይገፋል፤ ለዚህ የሚወጣው ጉልበት ከሞተሩ ተሰርቆ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ወንድማችን ብረቱ ገና ሳይቆረጥ የሚባክነውን ጉልበት በኮምፒውተር ያሰሉ ነበር። ሠራተኛው “አየር ቆጣሪው” አላቸው። ዛሬስ ስንት ኪሎ አየር ሸጡ እያለ ሲቀልድባቸው፣ ገዢ ጠፋ ብለው ይስቁ ነበር።

በ1981 ዓ.ም. የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የሆኑትን ባለቤታቸውን አግብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። ሚዜያቸው ከጎናቸው ካለው ጠረጴዛ የሚሠራው ባልደረባቸው ነበር። ከቤታችን የማይጠፋ፣ እናታችንም ልጄ የሚሉት ሰው ነበር።

ወንድማችን ሥራቸውን በእርጋታ ነበር የሚሠሩት። መጀመሪያ ሳጥኑ ውስጥ ደረቅ አየር ብቻ እንዳለ አድርገው ያሰላሉ። እሱ ሲረጋገጥ ነው ማርሹ የሚረጨውን የዘይት ጉም የሚጨምሩት፤ ጉም ያለበት አየር ይከብዳል፣ የሚባክነው ጉልበትና ሙቀትም ይበዛልና። በ1998 ዓ.ም. ለዓይን ቀዶ ሕክምና ሲተኙ የደረቁን አየር ስሌት ለሚዜያቸው አደራ ሰጡ፤ የጉሙ ስሌት ገና እንደሚቀረውም ነገሩት። ሚዜው ግን ያለቀ ሥራ ነው፣ የራሴም ነው ብሎ አቀረበ። ተጨበጨበለት፤ የክፍል ኃላፊም ሆነ። ሳጥኖቹ ተሠርተው ሲግሉና ሲቃጠሉ ደግሞ ጉዳዩን ሊያጣሩ በተሰየሙት ሰዎች ፊት ስሌቱ የወንድማችን ነው አለ። ወንድማችን አላለቀም ነበር ቢሉ የሰማቸው አልነበረም። ያለ ጊዜያቸው ጡረታ ወጡ።

ከዚያ በኋላ በምግብ ጠረጴዛው ላይ፣ በትልቋ ልጃቸው አሮጌ ኮምፒውተር፣ የጉሙን ስሌት ቀጠሉ። ማን ጠየቀህ ስንላቸው ጀምሬዋለሁ እኮ ይሉን ነበር። ጨረሱትም።

የኩላሊት ሕመም ከጣላቸው በኋላ ሚዜው ብርቱካን ይዞ መጣ። ይቅርታ ሊጠይቅ ነው ብለን ደስ አለን፤ ባለቤታቸውም ወንበራቸውን ለቀውለት ወጡ። እኔ መስኮቱ ጋ ነበርኩ። ስለ ጤናቸው ጥቂት ጠየቀና የዘይቱ ጉም እንዴት እንደሚሰላ እንዲነግሩት ለመናቸው። ወንድማችን ትንፋሽ እያጠራቸው አንድም ሳያስቀሩ አስረዱት። ሰው አጠገባቸው ቆሞ የሚሠራባቸው ሳጥኖች ዛሬም ይዞራሉና፣ እንዳይቃጠሉበት ብለው ነው። በመጨረሻም፣

“አሁን አልቋል፤ ውሰደው። ያኔ ግን አላለቀም ነበር ብለህ ተናገርልኝ” አሉት።

እሺ ብሎ ሄደ። እኛም ጠበቅን። ወንድማችን በር በተንኳኳ ቁጥር ቀና ይሉ ነበር። ሰኔ 4 ቀን 2015 ዓ.ም. ጠዋት ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ አረፉ።

እስከዚህች ሰዓት የተናገረ ስለሌለ ቤተሰቡ በእናንተ ፊት ይናገራል፦ ያኔ ስሌቱ አላለቀም ነበር።

ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና እኔን ታናሽ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። የማይታየውን ነፋስ የሚያውቅ አምላክ የደከመች ነፍሳቸውን በእቅፉ ያሳርፍልን። ዛሬ በመካከላችን ለቆመው ሚዜያቸውም አንደበት ይስጠው።