ሰዓቱ ነው የደከመው

መስከረም 20
ታይመሩ፣ የፎቶ ማጠቢያ ሰዓቴ፣ ዛሬ በጨለማ ክፍሌ ውስጥ ቦታ አገኘ። የእህቴ ባል፣ ኤሌክትሪሺያኑ፣ ከተዘጋ ፎቶ ቤት ያመጣልኝ ነው። ፊቱ የምግብ ሳህን ያክላል። ቁጥሮቹና ጠቋሚዎቹ ብርሃን ከጠጡ በኋላ ጨለማ ውስጥ አረንጓዴ ያበራሉ። መስኮት ላይ ፀሐይ አሙቄ አስገባሁት፤ ደስ ሲል! "ጋሼ፣ ይሄ ከእኔም ከአንተም በላይ ይኖራል" አለኝ።

በሩ አጠገብ ያለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ከፎቶ ወረቀቱ እንዲርቅ፣ ብርሃን እንዳይነካው።

ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ግድግዳውን በዓይኗ ስትለካ ነበር። ክፍሉ ዕቃ ቤት ሳለ የስፌት ማሽኗን ልታስገባበት ስታስብ እኔ ቀድሜያታለሁ። ስድስት ዓመት ሆነው። ረስታዋለች? እንጃ...

ጥቅምት 2
ሥራ መጣ። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር የድሮ ኔጋቲቮች ይዞ። ለአዳራሹ አሥራ ሁለት ትልልቅ ፎቶ፣ እስከ ኅዳር 10። "ከእርስዎ ሌላ በእጁ የሚያጥብ ሰው አላገኘንም" አለኝ። ሁሉም ሰው በስልኩ ፎቶ አንሺ ከሆነ ወዲህ የመጣልኝ የመጀመሪያ ሥራ ነው። ይሄ ከተበላሸ ክፍሉን ለምን እንደያዝኩት ለራሴም ማስረዳት አልችልም።

ጥቅምት 9
ታይመሩ ደክሟል። አምፖል ሥር ብርሃን አጠጣሁት፣ አጠፋሁ... ጭስ የመሰለ ነገር ብቻ። አሥሩ የቱ ነው? ሁለቱ የቱ ነው?

ኤሌክትሪሺያኑ ጋ ደወልኩ። "እኛ ቤት ሳለ ኮሪደሩን ሁሉ ያበራ ነበር" አለ። ታዲያ ምን ሊል ኖሯል? የሞተ ዕቃ ሰጠሁህ አይል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ከመደርደሪያው አንሥቼ ከውሃ መታጠቢያው በላይ አደረግኩት። ቀረብ ይበል።

ጥቅምት 10
ወረቀት የማይጎዳው ቀዩ አምፖልም ደክሟል። ተማክረው ነው?

ጥቅምት 14
አመሻሽ ላይ ከሱቅ ስመለስ የጎረቤቱ ሳይክል ጉልበቴን ላጠው። ደጃፌ ድረስ አምጥቶ አቁሞት! "ሁልጊዜ እዚሁ ነው የሚቆመው ጋሼ" አለኝ ዓይኑን ሳያሽ። ባለቤቴ ቁስሉን እየጠረገች አንድም ነገር አልተናገረች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጎረቤቱን አትምረውም ነበር። ዝምታዋን አልወደድኩትም።

ጥቅምት 18
ቀዩ አምፖል ሥር ምስሉ ሲወጣ በዓይን መመዘን ትቻለሁ። አምፖሉ አይረዳኝም። በሰዓት ብቻ ነው፤ ማጠቢያው መድኃኒት ውስጥ ሁለት ደቂቃ። ለዚያ ደግሞ ታይመሩን ማየት አለብኝ። አሁን ከመድኃኒቱ ሳህን ጎን፣ ስሠራ ክፍት ከሚሆነው የወረቀቱ ካርቶን አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ነው።

ሙያውን ያስተማረኝ ሰውዬ "የሚያበራ ነገርና ወረቀት አይተዋወቁ" ይል ነበር። አዎ። ግን ይሄ የሞተ ነው። የሞተ ነገር ምን ያበላሻል?

ጥቅምት 20
ሦስት ፎቶ አጠብኩ። ሦስቱም ግራጫ። የተማሪዎቹ ነጭ ሸሚዝ አመድ መስሏል። ወረቀቱን ብርሃን ነክቶታል ማለት ነው። በየት ገባ? እኔ ስሠራ ከውስጥ እቆልፋለሁ። ስወጣ ግን... ቤት ውስጥ ሌላ ማን አለ?

ምሳ ላይ ባለቤቴ "ሥራው እንዴት ነው?" አለችኝ። ከመቼ ጀምሮ ነው የምትጠይቀው?

ጥቅምት 21
ከእሷው ጥቅልል ጥቁር ክር ቆረጥኩ። ስወጣ ከበሩ እስከ መቃኑ፣ ቁርጭምጭሚት ከፍታ ላይ ወጥሬ በፕላስተር ለጠፍኩት። በሩ ከተከፈተ ይበጠሳል። የሚያሳፍር ነገር ነው። ግን ለጠፍኩት።

ጥቅምት 23
ክሩ እንዳለ ነው። ወረቀቱ ግራጫ ነው።

እንዴት ይሆናል? ... በጥሳ መልሳ ቀጥላዋለች። ሠላሳ ዓመት ልብስ ለሰፋች ሴት ክር ምኗ ነው?

ጥቅምት 26
ተናገርኩት። ምሳ ላይ። ክፍሉን ከፈለግሽው ፊት ለፊት ጠይቂኝ፣ ወረቀቴን አታቃጥይ አልኳት። ታይመሩንም፣ አምፖሉንም፣ ክሩንም ዘረገፍኩት። እስከ ክሩ ድረስ ዝም ብላ ስትሰማኝ ነበር።

"ክር?" አለች። "ለእኔ ክር ዘረጋህብኝ?"

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ተነሥታ ማሽኗ ጋ ተቀመጠች፤ ማሽኑ ግን ከሰዓቱን ሙሉ ድምፅ አላሰማም። ያጠፋች ሴት እንዲህ ትሆናለች? ወይስ ያላጠፋች?

ጥቅምት 27
ጠዋት ቁርስ ሳንበላ "ና እንግባ፣ የሞተውን አሳየኝ" አለችኝ።

ታይመሩን አምፖል ሥር ብርሃን አጠጥቼ በሩ አጠገብ ወደ ነበረበት መደርደሪያ መለስኩት። እሷ ማዶ፣ መታጠቢያው ጋ ቆመች። እኔ ክንዴን ብዘረጋ እነካዋለሁ። ሁሉንም አጠፋሁ፣ ቀዩንም። ይኸው፣ አልኳት በእጄ እየነካሁት። ጭስ እንኳ የለም።

"ሃያ... ሃያ አንድ... ሃያ ሁለት..." ትቆጥር ጀመር። ሳታይ በልብሽ ነው የምትቆጥሪው አልኳት። "እጅህን አንሣ፣ ሰባቱን ሸፍነኸዋል" አለችኝ።

አላመንኳትም። እጀታውን ቀስ ብዬ አዞርኩና ስንት ላይ ነው አልኳት። አራት አለች። አበራሁ። አራት። አጠፍቼ ደገምኩ። ስምንት ተኩል አለች። አበራሁ። ስምንት ተኩል። አሁንም አልበቃኝም። ለሦስተኛ ጊዜ አጠፍቼ ታይመሩን ራሱን፣ ድምፅ ሳላሰማ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አደረግኩት።



"አሁን ፊቱን አዞርከው" አለች። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። "አንተ... አይታይህም እንዴ?"

ማብሪያውን በእጄ ፈለግኩት። ግድግዳው ላይ አጣሁት። ስድስት ዓመት የሠራሁበት ክፍል! እሷ ናት መጥታ ያበራችው።

ከሳይክሉ ቀን ጀምሮ ጠርጥራ እንደነበር ነገረችኝ። ልትናገር ፈርታ። እኔ እሷን ስጠረጥር፣ እሷ ዓይኔን። በርጩማው ላይ ተቀምጬ ፈራሁ። በጣም ፈራሁ።

ጥቅምት 29
ዓይን ሐኪም ጋ ሄድን። ልጅ እግር ናት፣ "አባባ" አለችኝ። ሃምሳ ስምንት ዓመት አባባ ያስብላል? ዳፍንት ነው አለች። የቀኑ እይታህ ደህና ነው፣ የጨለማው ግን ከድቶሃል፤ ይመለስ አይመለስ ምርመራው ይነግረናል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ዓይን ደግሞ ከባዳም ባሰ።

ስንመለስ ባለቤቴ ክንዴን ያዘች። ይቅር በይኝ አልኳት።

"ለየትኛው?" አለችኝ።

ኅዳር 1
ወረቀቱ ግን ለምን ግራጫ ሆነ? ሁሉን በጨለማ አዘጋጅታልኝ ሞከርነው። አንድ ቁራጭ ወረቀት ታይመሩ በነበረበት፣ ከካርቶኑ ጎን። ላዩ ላይ ሳንቲም። ታይመሩ አጠገቡ፣ አምስት ደቂቃ። ከዚያ አጠብነው።

ወረቀቱ ግራጫ፣ መሐሉ ላይ ነጭ ክብ።

ሞቷል ያልኩት ሰዓት ነው ወረቀቴን ሲያበላሽ የከረመው። ያስጠጋሁት ደግሞ እኔ። ሰውዬው ሙያውን ሲያስተምረኝ የነገረኝን ነገር! ለኤሌክትሪሺያኑ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩ። ምን እንደበደልኩት እንኳ አያውቅም ነበር። ጎረቤቱ ይቀረኛል።

ክሩን ከመቃኑ ላይ ራሷ ነቀለችው። ጣቷ ላይ ጠምጥማ ወደ ጥቅልሉ መለሰችው።

ኅዳር 4
ማሽኗ ገባ። ከበሩ በስተግራ፣ ታይመሩ ከበላዩ። እኔ ስሠራ እሷ ከማሽኑ ኋላ ተቀምጣ ታይመሩን እያየች ጮክ ብላ ትቆጥርልኛለች፤ እኔ ስጨርስ መብራት አብርታ ትሰፋለች። ቀኝ ቢሆን ይሻል ነበር ብዬ ነበር። ክርክሩን ተሸነፍኩ።

ኅዳር 9
አሥራ ሁለተኛውን ዛሬ አጠብን። የመጨረሻው ነው፣ መላው ትምህርት ቤት በአንድ ላይ። ወረቀቱን ማጠቢያው ውስጥ ከተትኩት። ከጀርባዬ ቆጠረች፣ ሳትቸኩል፣ እስከ መቶ ሃያ። "አውጣው" አለች። አወጣሁት፤ ምስሉን በሚያጸናው ሁለተኛው ሳህን አሳልፌ በውሃ አለቀለቅኩት።

መብራቱን ስታበራ ዞር አልኩ። ታይመሩ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀምጧል።

ከመጀመሪያውም እንደዚያ ነበር? አልኳት። አዎ አለች፣ የስፌት ጨርቋን እየሳበች። ታይመሩን ሳታይ በልቧ ነው የቆጠረችው።

"አንተ ሦስቴ ፈተንከኝ። እኔ አንዴ።"

 ፎቶውን ውሃውን እያንጠባጠብኩ መስኮቱ ጋ ይዤው ሄድኩ፣ የቀን ብርሃን ላይ። አንድ በአንድ አየሁት። ሸሚዞቹ ነጭ ናቸው።