ለአዳራሹ የሚሆን ሌንስ

ይድረስ ለእህቴ ለሀጂራ፣ አዲስ አበባ። ሰላምታዬ እንደ ከተማችን እንደ ሚዛን ዝናብ ሳያባራ ይድረስሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

የምጽፍልሽ ስለምትገዢልኝ ሌንስ ነው። በአማን አዳራሽ የመረብ ኳስ ውድድር ተጀምሮ፣ ያነሳኋቸው ፎቶዎች ሁሉ ብዥ ብለው ወጡብኝ። ፎቶ ቤቱ ውስጥ አብሮኝ የሚሠራው ይትባረክ፣ «ብሩ ለአንድ ብቻ ከበቃ ብርሃን በደንብ የሚያስገባውን ግዛ፤ የእጅ መንቀጥቀጥ የሚያረጋው ለሚዘል ተጫዋች ምን ይሠራል?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ያስተማርኩትም እኔው ነኝ። አንቺ ግን የሚያረጋውን ግዢልኝ።

ሰሞኑን አባባ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ሻዩ እንዳይፈስበት ብርጭቆውን በሁለት እጁ ሲይዝ ትዝ ይለኛል።

የልጄ የሱሀይላ ጽሕፈት አያምርም? እየነገርኳት የጻፈችው እሷ ናት። ልጆችሽን ሳሚልኝ። ፊርማው የራሴ ነው፤ መስመሩን ቢለቅ እንዳትስቂብኝ።

ወንድምሽ ሀይደር