በታሪኩ ስም የሚገባ ሁሉ

ሰኞ

አጨበጨቡለት! የኔን ሥራ የራሱ አድርጎ አወራ፣ እነሱም አጨበጨቡለት። «ሲስተሙን ለማፍጠን ብዙ ለፍቻለሁ» አለ የሥራ ባልደረባዬ ታሪኩ፣ ስብሰባው ላይ ሥራ አስኪያጃችን አቶ ኤርጫፎ ፊት፣ ዓይኑን ሳያሽ።

ፕሮክሲውን የተከልኩት እኔ ነኝ። ማዳበሪያ ከሚያድሉት ቅርንጫፎቻችን ኮምፒውተሮችና የገበሬው ስም ከተቀመጠበት ዳታቤዝ መሀል የቆመ በረኛ ነው። ለማዳበሪያ የተመዘገበ ገበሬ ስም የሚፈልግ ሁሉ በሱ በኩል ያልፋል። ተደጋግሞ የሚጠየቀውን መልስ በካሽ፣ በጊዜያዊ ማከማቻው፣ እንዲይዝ፣ የማይፈቀደውን ጥያቄ በፊልተር ከበር እንዲመልስ ያደረግኩት እኔ። ታሪኩ ያኔ አንጋጫ ሰርግ ላይ ነበር!

ሐሙስ ከክልል እንግዶች ይመጣሉ። እነሱ ፊት ሲስተሙን ካሳየ የክፍል ኃላፊነቱ የሱ ነው አሉ። እኔ የምጠብቀው ቦታ።

ቆሽቴ አርሯል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ማክሰኞ

መጀመሪያ ካሹን አሰብኩ። ያረጀ መልስ ይዞ ቢቆይ እንግዶቹ ፊት የተሳሳተ ነገር ያሳይ ነበር። ግን ካሹ ሰው አይለይም፤ ገበሬውም የተሳሳተ መልስ ይደርሰዋል። ተውኩት።

ፊልተሩ ግን በስም ይለያል። አንድ መስመር ብቻ፦ በታሪኩ ስም የሚገባ ጥያቄ ሁሉ ይመለስ። ሌላ ማንም አይነካም። ጻፍኩት፣ ግን አላበራሁትም።

ረቡዕ

የመሥሪያ ቤታችን የጠዋት ጸሎት ላይ ታሪኩ አጠገቤ ተቀመጠ። «ለነገ በጸሎት አስቢኝ» አለኝ። አሜን አልኩ። ስለ ይቅርታ ተሰበከ፤ ሌላ ቀን እሰማለሁ።

ሐሙስ

እንግዶቹ ሳይመጡ አበራሁት።

አዳራሹ ሞልቷል። ታሪኩ ከረባት አስሯል። «አሁን በቀጥታ እንመልከት» ብሎ ኪቦርዱን ነካ። ግድግዳው ላይ በቀይ፦ ጥያቄው አልተፈቀደም። እንደገና ነካ። እንደገና ቀይ። ላብ አጠመቀው። ቅቤ የጠጣሁ ያህል ነበር፣ አልዋሽም።

ስልኬ ጠራ። የጊምቢቹ ቅርንጫፍ፣ አስቴር።

«እህቴ፣ ከጠዋት ጀምሮ አልተፈቀደም ይለናል! ዛሬ ገበያ ነው፣ ገበሬው አህያውን ይዞ በር ላይ ቆሟል። ስማችሁ የለም ብለን የመለስናቸውም አሉ።»

«በማን ስም ነው የምትገቡት?»

«በታሪኩ ነዋ! የኛ ፓስወርድ ከጠፋብን ቆየ እኮ። የሱን ሰጠን፣ ይባረክ።»

ወጥቼ ወደ ቢሮዬ ሮጥኩ፣ የፊልተሩን መስመር አጠፋሁ። «ሞክሪ» አልኳት። ሠራ። የተመለሱትን ሰው ልካ እንድታስጠራ ለመንኳት።

ስመለስ አዳራሹ እያጨበጨበ ነው። ታሪኩ ሦስተኛ ሲነካ ተከፍቶለታል። «ትንሽ ችግር ነበር፣ ፈትቼዋለሁ» ይላል። አቶ ኤርጫፎ ጀርባውን መታ መታ አደረገለት። ምን ልበል? እኔ ነኝ የፈታሁት ካልኩ፣ ማን ቋጠረው ይሉኛል።

ዓርብ

አስቴር ደወለች። ከተመለሱት አንድ ሽማግሌ አልተገኙም። ዘመድ ልካ እያስፈለገቻቸው ነው። ለጊምቢቹ ሠራተኞች ሁሉ የየራሳቸውን ፓስወርድ አወጣሁላቸው፤ ይህን ድሮ ማድረግ ነበረብን።

ከምሳ በኋላ ታሪኩ መጣ። በሩን ዘጋ። ድምፁ ዝቅ ብሏል።

«የትናንቱ ችግር ምን እንደነበር ንገሪኝ። አቶ ኤርጫፎ እንዴት እንደፈታሁት ሰኞ ለሁሉም ቅርንጫፍ አስረዳ ብሎኛል።»

«አንተ አይደለህ እንዴ የፈታኸው?» አልኩት።

ትኩር ብሎ አየኝ። የገባው ይመስለኛል። በሩን ከፍቶ ወጣ።

ሰኞ እሱ ያፍር ይሆናል፣ ወይ እኔን ያጋልጠኝ ይሆናል። አላውቅም። ሽማግሌው ግን ይገኙልኝ።