በአሶሳ መኪና ሲያንጸባርቁ ኖረው ዘጠኝ ጊዜ ዝውውር የጠየቁት የአቶ ምንያህል አምባው የሕይወት ታሪክ

አቶ ምንያህል አምባው ከአባታቸው ከአቶ አምባውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸዋሉል በሰሜን ሸዋ፣ በደብረ ሲና ከተማ ሚያዝያ 23 ቀን 1948 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው የአውራ ጎዳና ሠራተኛ ነበሩ፤ ከጣርማበር ዋሻ እስከ ከተማው መግቢያ ባለው መንገድ ላይ ናዳ ሲወርድ የሚያነሱ፣ ቦይ ሲደፈን የሚከፍቱ ሰው። ወደ አሰብ የሚወርደው ከባድ መኪና ሁሉ ቁልቁለቱን ጨርሶ ፍሬኑን የሚያበርደው በቤታቸው ደጃፍ ስለነበር አቶ ምንያህል መኪና ሲያዩ አደጉ። እናታቸው ጨው ግዛ ብለው ሲልኳቸው ጨዉን ረስተው፣ የቆመ መኪና ፓራፋንጎ ሲጠርጉ ውለው እጅጌያቸው ጠቁሮ ይመለሱ ነበር። በዚህ የተነሣ የተገረፉትን ግርፋት ታናሽ ወንድማቸው፣ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ቴዎድሮስ፣ እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል፤ ምንም አልጠቀመም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በተወለዱበት ከተማ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በ1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሄደው በአንድ የመንግሥት ጋራዥ በቀን ሠራተኝነት ገቡ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ቋሚ ሆኑ። የጋራዡ የቀለም ክፍል አለቃ አቶ ኤጀታ ብዙ የማይናገሩ፣ የተናገሩትን ደግሞ የማይደግሙ አዛውንት ነበሩ። የአዲሱን ሠራተኛ እጅ አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ “ውበቱን አንተ አትቀባውም። ቀለሙ ውስጥ አለ፤ የሸፈነውን አንሣለት፣ ከዚያ ጠብቅለት” አሏቸው። አቶ ምንያህል ከዚህ ሌላ የሙያ ትምህርት አልተማሩም።

አሠራራቸውን የማያውቅ ሰው ይስቅባቸው ነበር። መኪና ስትመጣላቸው መጀመሪያ ሳይነኳት ውሃ ብቻ ያፈሱባታል፤ አሸዋው በራሱ ወርዶ እስኪያልቅ። ከዚያ ሁለት ባልዲ ይቀርባል፤ አንዱ ለሳሙናው፣ አንዱ ጨርቁ ለሚታጠብበት። ስትደርቅ በእጃቸው ጀርባ ይዳብሷታል፤ መዳፍ በሥራ ስለሚደነድን ይዋሻል ይሉ ነበር። የተጫረውን ቦታ ኮምፓውንድ በሚባለው የቀለም ማለስለሻ፣ ሳይቸኩሉ፣ በቀጥታ መስመር ያሹታል። በመጨረሻ ሰም ይቀቧትና ጥላ ሥር አቆይተው እንደገና በንጹሕ ጨርቅ ይወለውሏታል። አቧራ የለበሰች መኪና በደረቅ ጨርቅ የጠረገ ሾፌር ካገኙ ግን ትዕግሥታቸው ያልቃል። “ፊትህን በአሸዋ ትታጠባለህ ወይ?” ይሉት ነበር፤ በዚህ ነገር ትልቅ ትንሽ አይለዩም።

በጥር ወር 1978 ዓ.ም. በደብረ ሲና መምህርት ከሆኑት ከወይዘሮ ብርሃነሽ ጋር ጋብቻ ፈጸሙ። ከስድስት ዓመት ጥበቃ በኋላ በ1984 ዓ.ም. አንድ ልጃቸውን እስከዳርን አገኙ። ሕፃኗ ገና ዳዴ ማለቷን ሳትተው ክልሎች ተቋቋሙ፤ የጋራዡ መኪኖችም ሠራተኞችም ተከፋፈሉ። አቶ ምንያህል ከአንዲት ጥቁር ሰማያዊ ላንድክሩዘር ጋር ለአዲሱ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ደረሱ። ደብዳቤያቸው “ለሁለት ዓመት” ይላል። በርክክቡ ሰነድ ላይ መኪናዋ ተራ ቁጥር አራት ናት፤ እሳቸው ተራ ቁጥር አምስት ናቸው። በኅዳር ወር 1986 ዓ.ም. አሶሳ ገቡ።

አሶሳ ያን ጊዜ ቤቱ ሁሉ ቢሮ ለመሆን የሚጣደፍባት ከተማ ነበረች። ከባምባሲ የሚመጣው መንገድ ቀይ አፈር ነው፤ በበጋ ዱቄት፣ በክረምት ጭቃ ሆኖ መኪና ላይ ይጋገራል። ሰም ከአዲስ አበባ ይላክልን ተብሎ የተጻፈው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ዓመት ሞላው። በዚህ ጊዜ የላንድክሩዘሯ ሾፌር አቶ ማህጁብ ደረሱላቸው። አቶ ማህጁብ የአሶሳ ተወላጅ ናቸው፤ ዘመዶቻቸው በሸርቆሌ በኩል ቀፎ ይሰቅላሉ፤ ማሩ ከተጣራ በኋላ የሚቀረውን ሰም በፌስታል ሞልተው አመጡላቸው። አቶ ምንያህል ሰሙን በፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ጣሳ አቅልጠው፣ በነጠላ ቁራጭ አጥልለው፣ ከቀለም ማቅጠኛ ጋር እየለኩ ይቀላቅሉ ጀመር። ልኩን ያገኙት ስንትና ስንት ጣሳ ካበላሹ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ዝናብ በመኪናዋ ላይ ተንከባሎ ይወርዳል እንጂ አይቆምም ነበር፤ የግቢው ማንጎ ከነቅጠሉ ኮፈኗ ውስጥ ይታይ ነበር። ከሌሎች ቢሮዎች ሰዎች ሊያዩዋት መጡ። በሕይወታቸው ከሠሩት ሁሉ የላቀው ሥራ ይህ ነው፤ ያሰራቸውም ይኸው ነው።

በሐምሌ 1987 ዓ.ም.፣ ሁለት ዓመቱ ሊሞላ ሲል፣ የመጀመሪያውን የዝውውር ማመልከቻ አስገቡ። ባለቤታቸውና ልጃቸው አሶሳ መጥተው እስከዳርን ወባ ለጥቂት ሳይገድላት ቀርቶ ነበርና፣ ቤተሰቤ እዚህ መኖር ስላልቻለ እኔ ወደ ቤተሰቤ ልሂድ ብለው ጻፉ። ከማመልከቻው ራስጌ በቀይ እስክሪብቶ “ለሥራው ስለሚፈለጉ ተተኪ እስኪገኝ ይቆዩ” ተብሎ ተመራ። ተተኪ የፈለገ ሰው ግን አልነበረም። በ1988ም፣ በ1989ም ያው ቃል ተጻፈ። የቢሮው ኃላፊዎች እንኳ ይቀየሩ ነበር። በአሥር ዓመት ውስጥ አምስት ኃላፊዎች መጥተው ሄደዋል፤ አምስቱም ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የተሸኙት በዚያችው ላንድክሩዘር ነው፣ አቶ ምንያህል ከዋዜማው ጀምረው ወልውለዋት። በስንብቱ ላይ እያንዳንዳቸው “የእርስዎን ነገር ለሚተካኝ ሰው አደራ ብያለሁ” ይሏቸው ነበር። አደራው ስለ መኪናዋ እንደነበረ የገባቸው ቆይቶ ነው።

በ1990 ዓ.ም. አቶ ምንያህል በዕድሜያቸው አንዴ ተንኮል ሠሩ። ሥራው ከተበላሸ ይለቁኛል ብለው መኪናዋን በዱቄት ሳሙና አጥበው፣ ሳያለቀልቁ በቀትር ፀሐይ አቆሟት፤ ይህንኑ አንድ ሳምንት ደጋገሙት። ቀለሟ እንደታመመ ዓይን ፈዘዘ። ሻንጣቸውን አዘጋጅተው የስንብት ደብዳቤ ይጠብቁ ጀመር። ኃላፊው ወጥተው መኪናዋን አንዴ ዞሯትና ራሳቸውን ነቀነቁ። “ይህ የአሶሳ ፀሐይ ሥራ ነው! እንዲህ ያለውን ባለሙያ ሜዳ ላይ እያሠራን?” አሉ። በወሩ የቆርቆሮ መጠለያ ተሠራላቸው፤ አቧራ እንዳይገባ ግድግዳውም ዙሪያውን ተመታ። የምስጋና የምስክር ወረቀትም ተጨመረላቸው። አቶ ማህጁብ ያን ቀን ሲያስታውሱ፣ “ሳቀ፣ ሳቀ፣ ከዚያ ቁጭ አለ። ምሳ ሰጠነው፣ አልበላም” ይላሉ። ያበላሿትን መኪና ወደ ቀድሞዋ ለመመለስ አሥራ አንድ ቀን ፈጀባቸው፤ ይህን ያዘዛቸው ማንም አልነበረም።

እውነቱ ይነገር ከተባለ በሰንሰለት ያሰራቸው የለም። ወይዘሮ ብርሃነሽ ሁሉን ትተህ ና፣ ያለንን ተካፍለን እንበላለን ብለው ጽፈውላቸዋል። እሳቸው ግን ያለ መልቀቂያ ቢሄዱ የሃያ ዓመት አገልግሎታቸው ከነጡረታው ውሃ እንደሚበላው ያውቁ ነበር፤ ዘንድሮ ካልሆነ ለከርሞ እያሉ ቆዩ። ታናሽ ወንድማቸው በዚህ ነገር ተቆጥቶ ያልጻፈው ደብዳቤ የለም፤ ዛሬም ቁጣው አልበረደለትም። ለዕረፍት ሲመጡ እንኳ አምስተኛው ቀን ላይ መቀመጫ ያጡና፣ አሁን ያቺን መኪና በደረቅ ጨርቅ ጠርገዋት ይሆናል እያሉ ይብሰለሰሉ ነበር። ከቤታቸው ያራቃቸውን ነገር ይወዱት ነበር። አንጀት የሚያሳርረው ይህ ነው።

ደግሞ ዕረፍቱስ መቼ ተገኘና! እንግዳ መጣ፣ ስብሰባ ደረሰ እየተባለ ይተላለፋል፤ በአሥር ዓመት ውስጥ ቤታቸው የመጡት አራት ጊዜ ብቻ ነው። እስከዳር አምስት ዓመቷ ሳለ በር ተንኳኩቶ ከፈተች፤ አባቷን አየችና ወደ ጓዳ ሮጣ፣ “እማዬ፣ የአሶሳው እንግዳ መጣ!” አለች። ቤት የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ግን በማመልከቻቸው ላይ አንድ መስመር ተጨምሯል። “ልጄ አታውቀኝም” ይላል። በሰባት ማመልከቻዎች ላይ ሰባት ጊዜ ተጽፏል፤ አንብቦ ያሰመረበት ሰው ግን የለም።

ግድግዳ በተመታለት መጠለያ ውስጥ የቀለም ማቅጠኛው ሽታና የኮምፓውንዱ ብናኝ መውጫ አልነበረውም። በ1993 ዓ.ም. ሳል ጀመራቸው፤ አቧራ ነው ብለው ናቁት። በ1995 ዓ.ም. ሐኪም ሳንባቸው ክፉኛ እንደተጎዳና ሥራውን ማቆም እንዳለባቸው ጻፈ። የሐኪሙ ወረቀት የተያያዘበት ዘጠነኛው ማመልከቻ ለመጀመሪያ ጊዜ “ተፈቅዷል” የሚል ቃል አገኘ። ነገር ግን በጥቅምት ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ ተባለና “ይህችን አንዴ ብቻ” ተብለው ተለመኑ። በአሥራ ስምንት ቀን ሰባት መኪና ወለወሉ። እንግዶቹ አንድ ቀን አድረው ሄዱ። አቶ ምንያህል ሰባተኛዋን ሲጨርሱ መቆም አቅቷቸው ሆስፒታል ገቡ። የአቶ ማህጁብ ባለቤት ወይዘሮ ሀምዲያ ገንፎ እየያዙ ሳይሰለቹ ተመላለሱ። የመልቀቂያው ደብዳቤ ኅዳር 5 ቀን ወጣ፤ አቶ ማህጁብ አልጋቸው አጠገብ ቆመው አነበቡላቸው። “ማኅተሙን አሳየኝ” አሉ፤ አዩትና ትራሳቸው ሥር አደረጉት። ማክሰኞ ኅዳር 8 ቀን 1996 ዓ.ም. ጠዋት በተወለዱ በአርባ ሰባት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

አስከሬናቸውን እንድታመጣ የተፈቀደችው ያቺው ላንድክሩዘር ነበረች። ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት ትደርሳለች ተብሎ ሕዝቡ መንገድ ዳር ቆሞ ጠበቀ። አሥር ሰዓት አለፈ፤ አሥራ አንድም ሆነ። ታናሽ ወንድማቸው በንዴት ወደ ዋሻው አቅጣጫ ወጣ፤ ከከተማው በላይ ካለው ምንጭ አጠገብም አገኛት። አቶ ማህጁብ ሁለት ቀን ሙሉ የነዱ፣ በረመዳን ጾም ከንፈራቸው የደረቀ ሰው፣ ሁለት ባልዲ ግራና ቀኝ አስቀምጠው፣ ሬሳው ውስጥ እያለ መኪናዋን ያጥባሉ። ወንድምየው ጮኸባቸው። እሳቸው ጨርቁን ሳያስቀምጡ፣ “ወንድም፣ አትቆጣ። ምንያህል አቧራ ለብሶ አገሩ አይገባም። እሱ ያያል” አሉ። የተቆጣው ሰው ኮቱን አወለቀና ሁለተኛውን ጨርቅ አነሣ። አቶ ምንያህል ወደ ተወለዱባት ከተማ የገቡት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ልቅሶው ሲቀልጥ እስከዳር ከመኪናዋ በር ፊት ቆማ የራሷን ፊት ስታይ ቆየችና፣ “አባዬ የሠራው ይሄን ነው?” ብላ ጠየቀች።

ከአስከሬኑ ጋር ከመሥሪያ ቤቱ የሐዘን መግለጫ ደብዳቤ ደርሶናል። ደብዳቤው የሟችን ታታሪነት ካወሳ በኋላ በመጨረሻው አንቀጽ፣ ሰሙን የሚያዘጋጁበትን አሠራር የጻፉበት ወረቀት ካለ በሾፌሩ እጅ እንድንልክ ይጠይቃል። ሻንጣቸው ተፈትሿል። የተገኘው ሁለት ሸሚዝ፣ የእስከዳር ፎቶግራፍ፣ የርክክቡ ሰነድ፣ የምስክር ወረቀቱና የዘጠኙ ማመልከቻዎች ቅጂ ነው። አሠራሩን አብረው ሲያቀልጡ የኖሩት አቶ ማህጁብ ያውቁታል። ምን ብለው እንደሚመልሱ ሲጠየቁ ግን፣ “እኔ ሰም አያውቅም ነው የምለው። ሙያ ያለው ሰው እነሱ አይለቅም” አሉ። ይህን የሰሙት ወይዘሮ ሸዋሉል ከተቀመጡበት፣ “ሙያ በልብ ነው ሲሉ እሰማ ነበር። የእኔ ልጅ መኪና ላይ አወጣው፣ አገር አየለት። ምነው ባላየለት!” ብለው አለቀሱ። ይህን አንቀጽ የሰማችሁ ሁሉ በልባችሁ እንድትይዙት፣ ይህ የተባዛ ጽሑፍም አሶሳ እንዳይደርስ አደራ እንላለን።

አቶ ምንያህል አምባው ባለቤታቸውን ወይዘሮ ብርሃነሽን፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃቸውን እስከዳርን፣ እናታቸውን ወይዘሮ ሸዋሉልንና ታናሽ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። በአሶሳም ወይዘሮ ሀምዲያ ቤታቸውን ለለቀስተኛ ከፍተው ተቀምጠዋል። ይህን ጽሑፍ በማባዣው ላባዛልን ለወይዘሮ ብርሃነሽ ትምህርት ቤት ምስጋናችን ይድረሰው። የቀብራቸው ሥነ ሥርዓት ዛሬ ዓርብ ኅዳር 11 ቀን 1996 ዓ.ም. በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። ከቀብሩ በኋላ ላንድክሩዘሯ ወደ አሶሳ ትመለሳለች፤ ሰኞ ጠዋት በሥራ ሰዓት እንድትገኝ ታዟል። እሳቸው እዚሁ ይቀራሉ።

ማመልከቻ የማያስጽፍ፣ ተተኪ እስኪገኝ ቆዩ የማይል አምላክ ነፍሳቸውን ይቀበልልን። በልጃቸው ቤት እንግዳ ሆነው የኖሩትን ሰው፣ በእርሱ ቤት ቤተኛ ያድርግልን። አሜን።