ሃምቡርግን ሊጎበኝ ለመጣው ወንድሜ

ውድ ማልተ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ የሚጀመረው እንደዚያ ስለሆነ ብቻ ነው። እንደ ንዴቴ ቢሆን ሌላ ቃል ነበር የምጽፈው። ይድረስ፣ ይረፍ፣ እንቅልፉ ይስተካከል ብዬ ስታገስ ቆየሁ። ትናንት ግን «ፐርዝ ፀሐይ ነው!» ብለህ ከነመነጽርህ የተነሳኸውን ፎቶ ከአውስትራሊያ ስትልክልኝ ትዕግሥቴ አለቀ። እዚህ ዝናብ ነው። ከሄድክ ጀምሮ አላባራም።

ይሄኔ ፎቶዎቹን ለጓደኞችህ እያሳየህ «ይሄ የመስታወቱ የሙዚቃ አዳራሽ፣ ይሄ የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ማማ» እያልክ ይሆናል። እንግዲህ እኔም በበኩሌ አራቱን ቀን ልተርክልህ። መጨረሻው ላይ የማታውቀው ነገር አለና ሳትሰለች አንብበው።

አየር ማረፊያ ስቀበልህ አንገትህ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። ከአሥር ዓመት በላይ በስልክ ብቻ የማውቅህ ወንድሜ ሸብተህ፣ ወፍረህ፣ የእማዬን አገጭ ይዘህ መጣህ። ሻንጣህን መኪና ላይ ሳንጭነው ግን ከኪስህ ምን አወጣህ? «ሃምቡርግ፦ ሳያዩ የማያልፏቸው ቦታዎች» የሚል የጎብኚዎች መጽሔት! እዚሁ ሃምቡርግ፣ አልቶና ሰፈር ተወልዶ፣ አልቶና አድጎ፣ አልቶና ጥርሱን የነቀለ ሰውዬ!

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አልኩህ።

«ከተማው ተለውጧል አሉ። አንድም ሳይቀር ማየት እፈልጋለሁ።»

«አባዬስ?»

«እናየዋለን።»

«እናየዋለን» ያልከው አባዬን ይሁን ነገሩን፣ እስከ ሦስተኛው ቀን ድረስ አልገባኝም።

እኔ እኮ የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነኝ፣ ማልተ። ዓመት እስከ ዓመት ካሜራ ያንጠለጠለ ሕዝብ ሳመላልስ ነው የምውለው። ለአንተ ብዬ ፈቃድ ወስጄ ያንኑ መንገድ በእግሬ ዞርኩት። በመጀመሪያው ቀን ያንን የማያልቅ ተንቀሳቃሽ ደረጃ ወጥተን የመስታወቱ አዳራሽ ሰገነት ላይ ቆምን። ወንዙ ከነመርከቦቹ ከሥራችን ነበር። «ያውልህ፣ ከዚያ ባሻገር፣ አባዬ ያለበት የአረጋውያን መጦሪያ» ብዬ በጣቴ ባሳይህ ካሜራህን ወደ ሌላ በኩል አዙረህ «እነዚያ ክሬኖች ድሮም ነበሩ እንዴ?» አልከኝ። ድሮም ነበሩ። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ መርከብ በሚጎትቱት ጀልባዎች ላይ ሲሠራ ከሥራቸው ነበር የሚያልፈው። ታውቃለህ እኮ!

በማግስቱ ደግሞ ትናንሽ ባቡሮችና ትናንሽ ከተሞች የሚታዩበት ቤት ገባን። እዚያ የሠሩትን ትንሽ አየር ማረፊያ አጥር ተደግፈህ፣ የእጅ መዳፍ የምታክል አውሮፕላን ስትነሳና ስታርፍ እያየህ እግሬ እስኪያብጥ ድረስ አቆምከኝ። በእውነተኛው አውሮፕላን ዓለምን አቋርጦ የመጣ ሰው! «ከዚህ ስንወጣ አባዬ ጋ እንሂድ» ስልህ «አሁን ምሳ ሰዓቱ ነው፣ አንረብሸው» አልክ። ከምሳ በኋላ ደግሞ ይተኛል አልክ። ሲነቃ አንተ ተኛህ፤ የሰዓት ልዩነቱ ነው አልክ።

በሦስተኛው ቀን የሚካኤል ማማ ላይ ወጥተን ወረድን፤ በቀይ ጡብ የተሠሩትን የድሮ መጋዘኖች ከቦይ ቦይ ዞርን። እዚያ አንዱ ድልድይ ላይ ነው ጨጓራዬ የተላጠው።

«ማልተ፣ ሐኪሙ ያለውን በስልክ ነግሬሃለሁ። ሌላ ስትሮክ ከመታው አይነሳም። ድልድይ ልታይ ነው የመጣኸው?»

«አንትየ፣ ተይኝ። ውጣ ያለኝ እሱ ነው» አልከኝ ስሜን ጠርተህ።

«አንተስ ምን ብለኸው ነበር?»

ካሜራህን ወደ ቦዩ አዞርክ። ያልከውን እኔ ላስታውስህ፤ ወጥ ቤት ቆሜ ስሰማ ነበር። ሁለታችሁ ጓሮ ውስጥ ተጋግዛችሁ የሠራችኋትን የእንጨት ጀልባ ሸጦ ጠበቀህ። ለሥራ ከሄድክበት ከሮተርዳም ስትመጣ መታሰሪያዋ ባዶ ነበር። «እኔንም ሽጠኛ!» ብለህ ጮህክበት። እሱም «አንተን ማን ይገዛል?» አለህ። ከዚያ በኋላ በሩን ማን በማን ላይ እንደዘጋ እስካሁን አላውቅም፤ ብቻ በሩ ተዘጋ። ለእማዬ ቀብር መጥተህ እንኳ በአንድ የሬሳ ሣጥን ግራና ቀኝ ቆማችሁ አንድ ቃል ሳትለዋወጡ ተለያያችሁ። በአንዲት ጀልባ ምክንያት! አንተ አውስትራሊያ፣ እሱ አልቶና፣ እኔ በመሃል «እንዴት ነው?» እየተባልኩ። አንተ ስትደውል «ሽማግሌው እንዴት ነው?» ትላለህ። እሱ ደግሞ ስምህን ሳይጠራ «ስልኩ ደወለ እንዴ?» ይላል። መልእክተኛ አደረጋችሁኝ። እኔም እኮ አባት ይኖረኛል፣ ወንድም ይኖረኛል ብዬ ነበር ያደግኩት።

ስለዚህ እሁድ ጠዋት ሁለታችሁንም አታለልኩ፤ አልጸጸትም። አባዬን ሁለት ካልሲ አልብሼ፣ ጉልበቱ ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርጌ «ወንዙን እንይ» ብዬ በተሽከርካሪ ወንበሩ ወደብ አወረድኩት። ለአንተ «በመሻገሪያው ጀልባ እንሂድ፣ መጽሔትህ ላይ አለ» አልኩህ።

ዓሣ የተጠቀለለበት ዳቦህን እየገመጥክ መጣህና ስታየው ደርቀህ ቀረህ። አንድ እግርህ ወደ ኋላ ሲሄድ አይቻለሁ፤ አላየሽም እንዳትለኝ። ሄደ ብዬ ልጮህ ስል አባዬ ቀና አለ። ዓይኑ ከስትሮኩ ወዲህ ጥላ ጥላውን ነው የሚያየው፤ ፊት አይለይም።

«ሞይን» አለህ፣ በሰፈራችን ሰላምታ።

«ሞይን» አልክ፤ ድምፅህ እንደ ልጅ ቀጥኖ።

«ጎብኚ ነዎት?»

እኔ «አባዬ፣ ይሄ እኮ…» ብዬ ስጀምር በዓይንህ ለመንከኝ። እንደዚያ ስትለምነኝ አይቼህ ስለማላውቅ አፌን ዘጋሁ።

«አዎ» አልክ። «ጎብኚ ነኝ።»

«ከሩቅ?»

«ከአውስትራሊያ።»

«ጀርመንኛዎ ግን የእኛው ሰፈር ነው።»

«እናቴ የዚህ ከተማ ሰው ነበረች።»

«እንደዚያ ይበሉኛ! በሉ ያቺን መጽሔት ወዲያ ይጣሏት። እኔ አሳይዎታለሁ። አንትየ፣ ግፊኝ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?»

ገፋሁት። የጀልባው ፊት ለፊት፣ ንፋሱ የሚጋረፍበት ቦታ ካልቆምን አለ። ወዲያው አስጎብኚ ሆነ። የመርከብ ጥገናውን ቦታ፣ አሮጌው መርከብ የቆመበትን፣ ጎርፍ የገባ ዓመት ውኃው እስከ የት እንደደረሰ፣ ሁሉንም በጤነኛ እጁ እያመለከተ ነገረህ።

«ያ የሚመጣው ምን ጭኗል? ለእኔ ጨለማ ሆኖ ነው የሚታየኝ።»

«ኮንቴይነር፣ እስከ አናቱ።»

«ስንት ጀልባ እየጎተተው ነው?»

«ሁለት። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ።»

«የኋላው ሥራ ነው ከባዱ» አለህ። «የፊቱን ሁሉም ያየዋል። ሲበላሽ የሚወቀሰው ግን የኋላው ነው።»

አንተ ሳቅክ። እሱም ሳቀ። እኔ ከኋላችሁ የወንበሩን ፍሬን ይዤ ጣቶቼ በብርድ ደንዝዘው ቆሜያለሁ፤ ሁለታችሁ ግን እንደ ጓደኛ ትስቃላችሁ! አብራችሁ ስትስቁ ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ያቺን ጀልባ ቀለም ስትቀቡ ነበር። ደስ ይበለኝ ወይስ ሁለታችሁንም አንስቼ ኤልበ ወንዝ ውስጥ ልወርውራችሁ፣ መምረጥ አቃተኝ።

ከዚያ «ልጆች አሉዎት?» አለህ።

«ሁለት ሴቶች።»

«ማን ማን ይባላሉ?»

ወንዙን አየህ፣ እኔን አየህ።

«ትንሿ ሩቢ። ትልቋ ኢንከን።»

ማልተ፣ እኔ እንኳ አላውቅም ነበር። በስልክ «ኢኒ፣ ኢኒ» ስትላት እንዲያው የአውስትራሊያ ቁልምጫ መስሎኝ ነበር። የእማዬን ስም ለልጅህ ሰጥተህ ለማናችንም ሳትነግር! የአባዬ እጅ የወንበሩን ክንድ ሲጨብጥ፣ ጅማቱ ሲገተር አየሁ።

«ቆንጆ ስም ነው» አለ። ጀልባው ቀጣዩ ማቆሚያ ደረሰ። ከዚያ ሳትጠይቀው ጀመረ።

«እኔም ወንድ ልጅ አለኝ። አብረን ጀልባ ሠርተን ነበር። ሸጥኳት።»

«ለምን?»

«ልጁ ወጥቶ ሄደ። ከሥራ ስመለስ ሁልጊዜ ባዶዋን ታስራ ስትወዛወዝ አገኛታለሁ። ማየት አቃተኝ።»

«ይሄን ለልጅዎ ነግረውታል?»

«መቼ አስነገረኝ! ገና ከበር ሲገባ ጮኸ። እኔም ጮህኩ። እኛ ቤት ጩኸት እንችልበታለን።»

አንተ ዳቦህን ይዘህ ቀርተሃል፤ ዓሣው ጫማህ ላይ ወድቆ አላወቅክም።

«ቢያውቅ ኖሮ…» አልክ።

«እርስዎ ደግሞ ምን ያውቃሉ፣ ጎብኚ ነዎት» አለህና ፊቱን ወደ ንፋሱ መለሰ።

ወደብ ስንመለስ እጁን ጨብጠህ «ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ» አልከው። እጅህን ቶሎ አልለቀቀውም። «በሰላም ይግቡ» አለ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንገትህን ሸፍን፣ ንፋስ አለ» አለህ። «አንገትህን» ነው ያለህ፣ «አንገትዎን» አይደለም። አንተ ፊትህን አዙረህ ዓይንህን ስትጠርግ ስለነበር አልሰማኸውም። እኔ ሰማሁ፣ ግን መስሎኝ ነው ብዬ ተውኩት።

ባቡር ጣቢያው ላይ ምን አልከኝ? «አላወቀኝም። እንደዚህ ይሻላል፤ ቢያውቀኝ ያባርረኝ ነበር።» ቀልሎህ ነበር፣ ማልተ! ሸክሙን አውርዶ እንደሚሄድ ሰው ትከሻህ ወርዶ፣ ሻንጣህን እየጎተትክ ሄድክ። ከሁሉም በላይ ያናደደኝ ያ ነው።

አሁን የማታውቀውን ልንገርህ። ያን ዕለት አባዬን ወደ መጦሪያው መልሼ እራቱን ሳበላው፣ ሾርባውን ሁለት ጊዜ ጎረሰና ማንኪያዬን በእጁ ገታው።

«ማልተ ሸብቷል፣ አይደል?» አለኝ።

ማንኪያው ከእጄ ወደቀ።

«አባዬ! አውቀኸው ነበር?»

«የደከመው ዓይኔ ነው፣ ጆሮዬ አይደለም። የገዛ ልጄ ድምፅ ይጠፋኛል?»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሞይን ካለበት።»

ጮህኩበት። ጎረቤት ጠረጴዛ ያሉት አሮጊት ሹካቸውን አስቀምጠው እስኪያዩን ድረስ ጮህኩበት። «ምን አስበህ ነው? እንዴት ‹እርስዎ› እያልክ ትሸኘዋለህ? አውሮፕላን ሊሳፈር ነው እኮ!» አልኩት።

«ልጄ ነህ ብለው ኖሮ» አለኝ፣ ረጋ ብሎ፣ «እሱ ስለ ጀልባዋ ይጮሃል፣ እኔም እጮሃለሁ፣ ጉዞው ሳያልቅ ይሄዳል። ጎብኚ ነኝ ሲል ተስማማኝ። ለጎብኚ ሰው ጨዋ ነው።» ከዚያ «ልጅቷን ኢንከን አላት» አለ። ሾርባውን አልጨረሰውም።

ስወጣ «አትንገሪው» አለኝ። እሺ አላልኩም። አትንገሪው፣ አትንገሪው፣ ከሁለታችሁም ይሄን ቃል ስሰማ አረጀሁ! እሱ አንተ ታፍራለህ ብሎ ይፈራል። አንተ እሱ ያባርረኛል ብለህ ትፈራለህ። እኔ ደግሞ ሳትነጋገሩ አንዳችሁ ይሞትና የቀረው ዕድሜ ልኩን ሲያለቅስብኝ እኖራለሁ ብዬ እፈራለሁ። እንግዲህ ነገርኩህ።

ከዚያ ወዲህ ምን እንደሚል ልንገርህ። መቼ ይመጣል ብሎ አይጠይቅም፤ ያውቅበታል። «ያ ጎብኚ ከወንዙ ሥር ያለውን የእግረኛ ዋሻ አላየም» ይለኛል። በማግስቱ «የዓሣ ገበያውንም በጠዋት አላየውም፣ ጩኸቱን መስማት አለበት» ይላል። ትናንት ደግሞ ነርሷን ጠርቶ «ልጆች የሚወዱት ቦታ የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቃት። የልጅ ልጆቹን ሊያስጎበኝ ተነስቷል፣ ማልተ። ቆሞ መሄድ የማይችል ሰውዬ!

ሐኪሙ ያለውን አልደግመውም። በገና በዓል አካባቢ ዋጋው ውድ ነው፣ ልጆቹ ትምህርት አላቸው፣ ሥራው አይመችም የምትለኝን ሁሉ ከአሁኑ ሰምቼዋለሁ። ሆቴል አትያዙ፤ እኔ ሶፋው ላይ እተኛለሁ። ሁለቱን ልጆችህን ይዘህ ና። እኔ ግን አስጎብኚ አልሆንም፤ ፈቃዴም አልቋል፣ እግሬም አልቋል።

ለዚህ ደብዳቤ መልስ አልፈልግም፤ ለእኔም እንዳትደውል። ለእሱ ደውል። ክፍሉ ውስጥ ያለውን ስልክ ቁጥር ከታች ጽፌልሃለሁ፤ ቀስ ብሎ ስለሚያነሳ ቶሎ አትዝጋበት። ሲያነሳ ዝም እንደሚል አውቃለሁ፣ አንተም ዝም ልትል ነው። ዝምታው እንዳያሸንፍህ፤ የፈለግከውን ተናገር፣ ከፈለግክ ስለ ዝናቡ አውራ። መጀመሪያ የምትለው ቃል ግን «አባዬ» ይሁን።

ከመሃል ልትወጣ የወሰነችው እህትህ፣
አንትየ