ሃያ አራት ባርኔጣ፣ ሃያ ሦስት ራስ

ለተከበሩ ሚስተር ክላይቭ ባራክሎ፣
የኮሌጃችን የውጭ አገር ተማሪዎች የጉብኝት ክፍል ኃላፊ፣
ሰሜን ኩዊንስላንድ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እርስዎና ባልደረቦችዎ፣ የቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣም ጭምር፣ በዚህ ወበቅ እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ ከላትቪያ ስለ ባሕር ሕይወት ለመማር የመጣሁት ኢልዜ ክራስቲንያ፣ እንቅልፍ ከማጣትና በር በተንኳኳ ቁጥር ከመደንገጥ በቀር ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በተማሪዎች ጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ለቢሮዎ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜም «ችግር የለም» የሚል መልስ ስለደረሰኝ፣ ምናልባት ችግሩ ለሌላ ሰው ይታየው ይሆናል ብዬ ነው።

አንደኛው ቅሬታዬ ስለ ቆጠራችሁ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሃያ አራት ተማሪዎች ጨዋማ ውኃ ውስጥ የሚበቅሉትን ዛፎች ለማየት ወደ ወንዙ አፍ ስንወርድ፣ ለእያንዳንዳችን ቢጫ ባርኔጣ ታድሎን ነበር። ያለ ባርኔጣ ከአውቶቡስ መውረድ ክልክል መሆኑንም አስጎብኚያችን ዳረን አጥብቆ ነገረን። ለዚህ ጥንቃቄ ምስጋናዬ የላቀ ነው፤ አፍንጫዬ እስካሁን አልተላጠም። መመለሻችን ሲደርስ ባርኔጣዬንና ቦርሳዬን ለጓደኛዬ ለማቲልድ ሰጥቼ ከጥሻው ጀርባ ወዳለው መጸዳጃ ቤት ሄድኩ። ማቲልድ ጠመዝማዛው መንገድ እንዳያቅለሸልሻት የዋጠችው ክኒን እንቅልፍ ያስይዛልና፣ ባርኔጣዬን በወንበሬ መደገፊያ አናት ላይ አጥልቃ አሸለበች። ዳረንም በሩ ላይ ቆሞ ቢጫ ቢጫውን ቆጠረ። «ሃያ አራት! በሉ እንሂድ፣ ቢራው ሳይሞቅ!» ማለቱን የሰማሁት ከሌሎቹ ነው። እኔ የሰማሁት የሞተሩን ድምፅ ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ስለ ማስጠንቀቂያ ሰሌዳው ነው። «አዞ አለ፤ ከውኃው አምስት ሜትር ራቁ» ይላል። እኔ ታዛዥ ተማሪ ነኝና ራቅሁ። ባሕሩ ግን ሰሌዳውን አላነበበም መሰለኝ፣ መሙላት ጀመረ። ከኋላዬ ያሉት ዛፎች ውኃ ውስጥ ቆመዋል፣ አውቶቡሱ የሄደበት ዝቅተኛ መሻገሪያም ተሸፍኗል፣ ስልኬ ደግሞ ከቦርሳዬ ጋር ወደ ከተማ እየገሰገሰ ነው። አምስቱ ሜትር አራት ሆነ፣ ቀጥሎም ሁለት። ጭቃው ላይ ቅድም ያልነበረ፣ አንድ ሰፊና ከባድ ነገር ሆዱን እየጎተተ ወደ ውኃው የወረደበት ዱካ አየሁ። ምሳ የበላንበት የእንጨት ጠረጴዛ ላይ ወጥቼ ተንበረከክሁ። ፈራሁ፣ ክቡር ሆይ። እናቴን በስሟ እየጠራሁ አለቀስኩ።

ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ የሸርጣን ወጥመዷን ልታነሣ በትንሽ ጀልባ የመጣች፣ ሰው ሁሉ አክስት ሜርሊን የሚላት የአካባቢው አሮጊት አየችኝ። «አንቺ ልጅ! ጠረጴዛ ላይ ምን ትሠሪያለሽ? አዞው ምሳ ቀረበልኝ እንዲል ነው?» አለችኝ። ልስቅ አፌን ብከፍት ልቅሶ ወጣኝ። «በይ ነይ ግቢ፣ የኔ ልጅ። እጅሽን ከጀልባው ውጪ እንዳታንጠለጥዪ» አለችና መቅዘፊያዋን እያነሣች አጉረመረመች፦ «እኔ እንኳ ሸርጣኖቼን አንድ በአንድ ነው የምቆጥረው!»

ሦስተኛው ቅሬታዬ አጭር ነው። ቢሮዎ «በመዝገባችን መሠረት ሃያ አራቱም ተጓዦች በአውቶቡሱ በሰላም ተመልሰዋል» ሲል ስለጻፈልኝ፣ ያን ዕለት በሰላም ወንበሬ ላይ ተቀምጬ እንደነበር ከእናንተ ተረድቻለሁ። የእርካታ መጠይቁንም ስለላካችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ከአንድ እስከ አምስት ባለው አምስትን መርጫለሁ፤ በዚያ ቀን ያጣሁት አምስት ሜትር ነበርና።

አሁን የሚያስፈራኝ ያለፈው ብቻ አይደለም። ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ወደ ፏፏቴው ገደል የሚደረገው ጉዞ ለውጤታችን የግድ ነው ተብሏል። የሚቆጥረው ያው ዳረን ነው፣ የሚቆጠረውም ያው ባርኔጣ። ማቲልድም ያንኑ ክኒን ውጣ ትሄዳለች፤ በዚያ ገደል ግን ሸርጣን አጥማጅ የለም። አበው ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፦ ስማችን ይጠራ፣ እኛም አቤት እንበል። የሃያ አራት ሰው ስም ለመጥራት ሁለት ደቂቃ ይበቃል፤ ቢራውም በሁለት ደቂቃ አይሞቅም።

ጤናና ረጅም ዕድሜ ለእርስዎ፣ ለመዝገብዎም ጭምር እየተመኘሁ፣

በመዝገብ በአውቶቡስ፣ በሥጋ ግን በሸርጣን ጀልባ የተመለስኩት፣
አክባሪዎ ኢልዜ ክራስቲንያ

ማሳሰቢያ፦ ባርኔጣዬን ከዋናው ደብዳቤ ጋር ለቢሮዎ ልኬያለሁ። ቅዳሜ በወንበሬ ላይ ያስቀምጡልኝ፤ ባለፈውም ጉዞ በእኔ ምትክ በሚገባ ተገኝታለችና ቁጥራችሁ አይጎድልም። ማቲልድን ግን እባክዎ በስሟ ይጥሯትና፣ እስክትመልስ ድረስ ይጠብቋት።